እንግዳ ይመጣል ተብሎ የታጠበ ጉድጓድ

እስቲ ይሄን ስሙኝ። ረጅም አይደለም፣ ብዙም አላስቸግራችሁም። ስለ ውሃ ነው፤ ውሃ የማይጠጣ ካለ ይለፈው።

እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሳቁ፣ ችግር የለውም። ገና ሰላሳ አልሞላኝም፤ ግን ሰው ከሚወደው ሥራ ሲለይ ሌላ ምን ይባላል? አሁን ቡራዩ ላይ፣ ከአምቦ መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት ኮንቴይነር ውስጥ የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ፣ ሞተር እጠቀልላለሁ። እጄ ሁሌ ግሪስ ነው። የድሮው ሥራዬ ግን እንደ ቀዶ ጥገና ሐኪም እጅ የሚያስታጥብ ነበር። የነዳጅ ማደያ ስር ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ ነበር የምንከታተለው።

"ማደያ ነው የምሠራው" ስል ሰው ሁሉ ቀጂ እመስለው ነበር። ናፍጣ በጠፋ ሰሞን ዘመድ አዝማዱ ስልኬን ያጨናንቀዋል። የአክስቴ ባልማ ያለ ሰልፍ አላስቀዳኸኝም ብሎ እስካሁን እንዳኮረፈ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። የማደያ ታንክ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው። ታንኩ ቢያፈስ፣ ወይ ከታንኩ ወደ መቅጃው የሚሄደው ቧንቧ ቢያንጠባጥብ፣ ከላይ ሆኖ የሚያይ የለም። ነዳጁ ቀስ እያለ ይወርድና ውሃው ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ይንሳፈፋል፣ ከውሃው ጋር ቁልቁል ይሄዳል። ቁልቁል ደግሞ ሰው አለ፣ ግቢ አለ፣ በእጅ የተቆፈረ የቤት ጉድጓድ አለ። ስለዚህ በታንኩ ዙሪያ ቀጫጭን ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፣ ቱቦ ይገባባቸዋል፣ የሚቆለፍ ክዳን ይደረግላቸዋል። እኛ በየጊዜው እየሄድን ከነሱ ውሃ እንቀዳለን፣ ላብራቶሪ ይመረምረዋል። ነዳጅ ከተገኘበት መሬት ውስጥ የሆነ ነገር ያፈስሳል ማለት ነው። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

እንዴት ገባህበት ካላችሁኝ፣ በአፌ ነው የገባሁበት። አስረኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ተጣልተን ተለያየን፤ ከዚያ እዚሁ ቡራዩ የቁፋሮ ማሽን ላይ ጭቃ ዛቂ ሆኜ ተቀጠርኩ። አንድ ቀን አንድ ማደያ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ የመከታተያ ጉድጓድ ስንቆፍር፣ ፎርማኑ በቱቦው ዙሪያ የሚሞላውን ጠጠር ሳይታጠብ፣ ከነአፈሩ ሊያስገለብጠን ሆነ። "እናትህ ከዚህ ውሃ ቢጠጡ እንዲህ ታደርገው ነበር?" አልኩት። እዚያው አባረረኝ። አካፋዬን ወርውሬ ስወጣ በሩ ላይ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ቆመው ይስቃሉ። ኦቦ ገመቹ ናቸው። ጂኦሎጂስት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ውሃ ሲከተሉ የኖሩ፣ የክትትሉም ሥራ ኃላፊ።

"አፍህ ደህና ነው። እጅህን ደግሞ እኛ እናስተምረዋለን፤ ነገ ና" አሉኝ።

ከዚያ ገብተው ፎርማኑን ጠጠሩን አሳጠቡት። እኔ አጥሩ ላይ ተደግፌ ሲያጥብ አየሁት። በሕይወቴ ደስ ካሰኙኝ ነገሮች አንዱ ነው።

ስለ ደሞዙ አላወራም፤ ወሬውም እንደ ገንዘቡ ቶሎ ስለሚያልቅ። ወረቀቱ ደግሞ ለእያንዳንዷ ብልቃጥ ቅጽ አለው። መሙላቱን እኔ ለመድኩት፤ የእጅ ጽሑፌን ግን የላብራቶሪ ሰዎች እስከ መጨረሻው አልለመዱትም።

መጀመሪያ የወጣሁት ሰበታ፣ ጅማ መንገድ ዳር ያለ ማደያ ነው። አዲስ ሥራ ነው ብዬ ፀጉሬን በቅባት አስተኝቼ፣ ሽቶ ተርከፍክፌ ሄድኩ። ኦቦ ገመቹ ፒካፑ ውስጥ እንደገባሁ አፍንጫቸውን አነሱና "ሙሽራው ማነው?" አሉ። ሰበታ ስንደርስ ማደያው ቧንቧ ስር አስጎንብሰው፣ ቀጂዎቹ ዙሪያዬን ከበው እየሳቁ፣ ራሴን በሳሙና አሳጠቡኝ። ተናድጄ ልሄድ ነበር። እሳቸው ፎጣ እያቀበሉኝ "እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የምንፈልገው ሽታ ካንተ ቅባት የሚበልጥ መስሎህ ነው? ያንሳል፤ በጣም ያንሳል" አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ ባለ ቀን ሽቶ ነክቼ አላውቅም። ለወንድሜ ሠርግ እንኳ በዋዜማው ሥራ ስለነበረኝ ቅባቴን የተቀባሁት ጠዋት ሚዜዎቹ መኪና ውስጥ ነው።

የእሳቸው ነገር ብዙ ነው። ውሃ በምንቀዳበት ቀን መኪናችን ነዳጅ አይቀዳም፤ ቀደም ብሎ ነው የሚሞላው። ቀን ከማደያ ማደያ ስንዞር ውለን፣ መንገድ ላይ ነዳጅ አልቆበት የተገፋ መኪና ያለን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ አዲስ ሲባጎ፣ አዲስ ጓንት። ሁሌም ከንጹሁ ጉድጓድ ነው የምንጀምረው፣ የተጠረጠረው መጨረሻ ነው። "አራስ ቤት ቀድመህ ትሄዳለህ፣ በሽተኛ ቤት ቀጥለህ" ይላሉ። ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ የከረመውን ውሃ መጀመሪያ ቀድተን እናፈሳለን፤ አዲስ ውሃ ከመሬቱ እስኪገባ እንጠብቃለን፤ ከዚያ ነው ብልቃጧ የምትሞላው። ብልቃጧ ደግሞ አፏ ላይ ውሃው ጉብ ብሎ፣ ሊፈስ ደርሶ፣ ሳይፈስ ነው የምትከደነው። ዘቅዝቀህ በጣትህ ትመታታለህ። የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል የአየር ኳስ ከታየች ድፋ፣ እንደገና። ቤንዚኑ ከውሃው ወደ አየሯ ይሸሻላ! ከዚያ በረዶ ውስጥ። በረዶውን ከአንድ ጁስ ቤት ነበር የምንገዛው፤ ልጅቷ ዓሣ ነጋዴ እመስላት ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ ስማር አንድ ጊዜ እንኳ "አንተ ያልተማርክ" ብለውኝ አያውቁም። ሌላው አለቃ ሁሉ ብሎኛል። እሳቸው ሳበላሽ ብልቃጡን ተቀብለው ይደፉታል፣ ሌላ ያቀብሉኛል። በቃ። ዛሬ አንድ ልጅ ሱቄ ውስጥ ሞተር ሲያቃጥልብኝ አፌ እስከ ጥርሴ ድረስ በስድብ ይሞላና ያቺ ብልቃጥ ትዝ ትለኛለች። ግማሹን እውጠዋለሁ። ግማሹ ይወጣል፤ እኔ ኦቦ ገመቹ አይደለሁም።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው፣ ይቺን ያዙልኝ። ከመሄዳችን አንድ ቀን በፊት ማደያው ቢሮ ይደውላሉ። "ነገ እንመጣለን፣ ካላስቸገርናችሁ።" ሰው ግቢ ሳያሳውቁ መግባት ለእሳቸው ነውር ነው። እኔም ጨዋነታቸው ይገርመኝ ነበር።

ሱሉልታ ያለውን ማደያ የያዝነው ከዚያ በኋላ ነው። እንጦጦን ወጥተህ ስትወርድ ሜዳው ይዘረጋል፤ ጥቁር አፈር፣ የድርቆሽ ክምር፣ የወተት ላም። ከሁሉም ማደያ የምወደው ይሄኛውን ነበር። ምክንያቱም ዘበኛው ጋሽ መንግሥቴ እንደ ሠርገኛ ነው የሚቀበሉን። ወንበር ይዘረጋል፣ ለስላሳ ይመጣል፣ በጉድጓዶቹ ዙሪያ ተጠርጎ ውሃ ተርከፍክፎ ይጠብቀናል። ክዳኖቹ እንኳ ያብረቀርቃሉ። ሰበታ የከባድ መኪና ጎማ ስር ገብቼ ክዳን ስፈልግ የኖርኩ ሰው፣ እዚህ ስመጣ ነፍሴ ትመለሳለች።

ከማደያው አጥር በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ አደ ጫልቱ ይኖራሉ። ላሞች አሏቸው፤ ወተታቸው ጠዋት ጠዋት አዲስ አበባ ይገባል። አንድ ቀን ስንቀዳ አይተው አጥሩ ጋ መጡና "እናንተ ውሃ ታያላችሁ አሉ፤ የኔንም እዩልኝ" አሉን። ላሞቹ ከጉድጓዱ ተቀድቶ ሲሰጣቸው አፋቸውን ነክረው ያወጡታል፣ አይጠጡም። ሄድን። ኦቦ ገመቹ በኦሮምኛ ሰላም አሏቸው፣ ስለ ላሞቹም ስለ ልጆቹም ጠየቁ፣ ከዚያ ውሃውን አሸተቱ። ሽታ አለ፣ ግን ስስ ነው። የሚቀዱበት ባልዲ ደግሞ የሞተር ዘይት ጀሪካን ተቆርጦ የተሠራ ነው። አካባቢው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚቀዳው፤ ጠንካራ ነዋ። ባልዲው ራሱ ይሸታል።

ኦቦ ገመቹ ያን ጉድጓድ ላብራቶሪ ልላከው ብለው ማናጀራችንን ጠየቁ። ከአጥር ውጪ ነው፣ ውላችን ውስጥ የለም ተባሉ። የማደያው ጉድጓዶች ውጤት ደግሞ መጣ፤ ንጹህ። ቀጣዩም ዙር መጣ፤ ንጹህ። ከማደያው ምንም ካልወጣ የሴትዮዋ ውሃ ሽታ ከየት ሊመጣ ይችላል? ከባልዲው። ስለዚህ ኦቦ ገመቹ ራሳቸው ሄደው "አደ፣ ውሃው ደህና ነው፣ ባልዲውን ይቀይሩት" አሏቸው። እሳቸውም አመሰገኑ፣ ቀየሩት።

ቀጥሎ የሆነውን ስሙ። አንድ ቀን ለሰበታ ደውለን፣ ለሱሉልታም ለማግስቱ ደውለን ወጣን። ሰበታ ስንደርስ ናፍጣ መጥቷል ተብሎ የከባድ መኪና ሰልፍ ግቢውን ሞልቶታል። ጉድጓዶቻችን ክዳን ላይ ተሳቢ ቆሟል፣ ሹፌሩ ምሳ ሄዷል። መንካት አልተቻለም። ኦቦ ገመቹ በረዶው ከሚቀልጥ የነገውን ዛሬ እንሥራው አሉና ከተማውን አቋርጠን ሱሉልታ ገባን።

ጋሽ መንግሥቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ከታንኩ በታች ያለችው ጉድጓድ አጠገብ ተንበርክከዋል። ክዳኑ ተከፍቷል። በእጃቸው ድንጋይ የታሰረበት፣ አፉ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ በገመድ ይዘዋል። እኛ በሲባጎ አውርደን ውሃ የምንቀዳበትን ዕቃ አስመስለው ነው የሠሩት። አጠገባቸው ሳፋ አለ። ሳፋው ውስጥ ውሃው ላይ ያ የቀስተ ደመና ቀለም ተዘርግቷል። ከማደያው መኪና ማጠቢያ፣ ከላቫጆው፣ የተሳበ የውሃ ጎማ ደግሞ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ሲያዩን ደነገጡ። የደነገጡት ግን እንደ ሌባ አይደለም፤ ቤቷን ሳታነሳ እንግዳ እንደመጣባት ሴት ነው።

"ውይ፣ ነገ አላላችሁም እንዴ? ገና አልጨረስኩም እኮ።"

"ምኑን ነው ወንድሜ?" አሉ ኦቦ ገመቹ።

"ጉድጓዱን ነዋ። ሁሌ ከላዩ ዘይት ይይዛል። ለእንግዳ እንዲህ ያለ ውሃ ይሰጣል? ቀድቼ አወጣለታለሁ፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ አለቀልቀዋለሁ። እናንተም መቼም አንድ ቀን ቆሻሻ አግኝታችሁበት አታውቁም።"

እኔ ለመሳደብ አፌን ከፍቼ ነበር። ኦቦ ገመቹ እጃቸውን አነሱ፤ ዘጋሁት። ማን እንዳዘዛቸው ጠየቋቸው። ማንም አላዘዛቸውም። ቢሮ ሲደወል ነገ እንግዳ አለ ብለው ለሳቸው ይነግሯቸዋል፣ ቁልፉም ለኛ የሚከፍቱት እሳቸው ስለሆኑ በእጃቸው ነው፤ እሳቸውም ግቢውን ይጠርጋሉ፣ ጉድጓዱን ያጥባሉ። በቃ። ባለቤቱ እንኳ አያውቅም።

"እኔ ስደውል" አሉ ኦቦ ገመቹ፣ ለራሳቸው። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። "እኔ ስደውል ነው የሚታጠበው።"

የሱሉልታ ጥቁር አፈር ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚያሳልፈው። ጋሽ መንግሥቴ ከላይ የሚጨምሩት የላቫጆ ውሃ በቱቦው ዙሪያ ባለው ጠጠር ውስጥ ይቀመጣል። እኛ መጥተን የቆመውን ቀድተን ስናፈስ፣ አዲስ ውሃ ገባ ብለን ስንጠብቅ፣ የሚመለሰው ያው የሳቸው ውሃ ነው። ያ ሁሉ ጓንት፣ ያ ሁሉ ሲባጎ፣ ያ ሁሉ የራስ እጥበት። የላቫጆ ውሃ ነበር በበረዶ አሽገን ስንልክ የከረምነው።

ኦቦ ገመቹ አልተቆጡም። የዚያን ቀን ምንም አልቀዳንም። ክዳኑን ቆለፉ፣ ጋሽ መንግሥቴን ከእንግዲህ እንዳይነኩት ለመኗቸው፣ መሬቱ የራሱን ውሃ እስኪመልስ እንጠብቅ አሉና ሄድን፤ ሳናረጋግጥ አናስደንግጣቸው ብለን ለአደ ጫልቱም ምንም አልነገርን። የተመለስነው በጋው ጠንቶ የጉድጓዱ ውሃ ወረድ ሲል ነው። አልደወልንም።

በሜትር ገመድ ጫፍ ላይ ያለች መሣሪያ አለችን። ውሃ ስትነካ ቆረጥ ቆረጥ እያለች ትጮሃለች፤ ነዳጅ ከነካች ግን ሳታቋርጥ ነው። ጋሽ መንግሥቴ አጠገባችን ቁጢጥ ብለዋል። ቀስ እያልኩ ለቀቅኳት። ጮኸች፤ አላቋረጠችም። ዝቅ አደረግኳት፣ አሁንም ያው ነው። ቀጂዎቹ ሥራ አቁመው ወደኛ ዞሩ።

"ምን እያለች ነው?" አሉ ጋሽ መንግሥቴ።

"ከታች ያሉት ሴትዮ ልክ ነበሩ እያለች ነው" አሉ ኦቦ ገመቹ።

ጋሽ መንግሥቴ ኮፍያቸውን አወለቁ። አደ ጫልቱ ጋ ስንወርድ ማንም ሳይጠራቸው ተከተሉን። ኦቦ ገመቹ በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ነገሯቸው፣ ቀድመው ይደውሉ የነበረውንም ጨምረው። ጥፋቱን ወደ ጋሽ መንግሥቴ አላዞሩም። አደ ጫልቱ ሰሙና፣ "እኔን ተዉኝ። ባልዲዬን ይቅርታ ጠይቁልኝ፤ ያለ ጥፋቷ ነው የጣልኳት" አሉ።

ሳቅን። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

"ባልዲ ቀይሬም ላሞቹ እንቢ አሉ። ከብት ምን ያውቃል፣ የተማረ ሰው አይቶታል ብዬ ልጆቼን አጠጣሁ።"

ኦቦ ገመቹ ፊታቸውን ወደ ድርቆሹ አዞሩ።

ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። ባለ ማደያው ውጤቱን ሲያይ ብዙ አልተከራከረም፤ ይሄን አመሰግነዋለሁ። ተቆፈረ። ከታንኩ ወደ መቅጃው የሚሄደው ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ሲያንጠባጥብ ተገኘ፣ ተቀየረ። የአደ ጫልቱ ጉድጓድ ተከደነ፤ የቧንቧ ውሃ እስከ ደጃቸው ገባላቸው፣ ሲመጣ ይመጣል። ልጆቹን ሐኪም ቤት የወሰዷቸው ኦቦ ገመቹ ራሳቸው ናቸው። ደህና ናቸው ተባሉ፣ ተመስገን።

ያናደደኝ ከዚያ የመጣው ነው። መሥሪያ ቤታችን ችግሩ ተፈቷል ብሎ ክትትሉን ዘጋው። ኦቦ ገመቹ ለፉ፤ ቧንቧው ተደፈነ እንጂ የወጣው ነዳጅ አፈሩ ውስጥ ነው፣ ቁልቁል መሄዱን አያቆምም፣ ከአጥሩ በታች ጉድጓድ ቆፍረን እንከታተል አሉ። የማናጀሩ መልስ ያው ነው፤ ከአጥር ውጪ ከውል ውጪ። ቤንዚን አጥር አንብቦ የሚቆም ይመስል! ብዙም ሳይቆይ እሳቸው ጡረታ ወጡ። እኔን ዕቃ ግምጃ ቤት አስገቡኝ፤ ሲባጎ ስቆጥር ልውል? ወጣሁ።

ግን ውሸት አልናገርም፣ ሥራዬን ሳስብ ከንዴቱ ምስጋናው ይበዛል። ኦቦ ገመቹ አሁንም ይጠይቁኛል። ከመምጣታቸው በፊት አሁንም ይደውላሉ፤ እኔም ኮንቴይነሩን እጠርጋለሁ፣ ወንበሩን አብሳለሁ። ያኔ ጋሽ መንግሥቴን እየሳቅኩ ሳይሆን እየወደድኩ ነው የማስታውሳቸው። እሳቸው ዛሬ ያቺን ክዳን የላቫጆ ልጆቹ እንኳ እንዳይጠጓት ይጠብቃሉ አሉ። ማንም ላይመጣ።

ይሄን ሁሉ ያስለፈለፈኝ ባለፈው ሳምንት የመጣ ፓምፕ ነው። ከሱሉልታ አንድ ገበሬ አመጡት፤ የአደ ጫልቱ ታች ጎረቤት ናቸው፣ ከሳቸው ግቢ ወዲያ ቁልቁል። ውሃ አልስብ አለኝ አሉኝ። ፈታሁት። ውስጡ ያለው ጎማ አብጦ፣ ለስልሶ፣ እንደ ማስቲካ ሆኗል። ውሃ ጎማ አያሳብጥም። አፍንጫዬን አስጠጋሁ።

ሰውየውን እንዳይጠጡት፣ ለከብትም እንዳይሰጡት አልኳቸውና ለኦቦ ገመቹ ደወልኩ። ብልቃጥ ፈልግ፣ አብረን እንሄዳለን አሉኝ።

"ቀድሜ ልደውልላቸው?" አልኳቸው።

"ለገበሬው ደውል" አሉ። "ለማደያው አትደውል።"

እንሄዳለን። ፀጉሬንም አልቀባም። እናንተ ግን፣ ውል የምትፈርሙት፣ "ችግሩ ተፈቷል" ብላችሁ ፋይል የምትዘጉት፣ አጥር ድረስ ብቻ የምታዩት፦ ቧንቧውን ደፍናችኋል፣ እሰየው። ከመደፈኑ በፊት የወጣው ቤንዚን ግን ዛሬ ማን ግቢ ስር ደርሷል?